ሳይቃጠል በቅጠል፦ ኮሮና ሲይዘን ቲ ሴሎቻችን ለምን መፍጠን አለባቸው?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው የያዝንላችሁ። ቡናችሁን ያዝ አድርጉና አብራችሁን ዝለቁ፤ ቤት ላሉ እናት አባት የሚጠቅም ነገር አለው።

ኮሮና ከመጣ ጀምሮ አንድ ወሬ አልቆመም። "ኢሚዩኒቲህን ከፍ አድርግ!" ይላል አንዱ በቲክቶክ፣ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ውህድ ይዞ። ሌላው በቴሌግራም በጣሳ የታሸገ ዱቄት ይሸጣል። ሁሉም ጋ ያለው ሃሳብ አንድ ነው፦ በሽታ የመከላከል አቅም እንደ ስልክ ባትሪ ነው፣ መቶ ፐርሰንት ከሞላ ምንም አይነካንም።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በተለያዩ አገራት የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩን ሌላ ነገር ነው። በኮሮና ተይዞ በሦስት ቀን ብድግ ከሚለውና ኦክስጅን ላይ ከሚወድቀው ሰው መካከል ያለው ልዩነት የመከላከያው ብዛት ብቻ አይደለም። ትልቁ ልዩነት ሰዓቱ ነው። ማን ቀድሞ ደረሰ? ቫይረሱ ወይስ ቲ ሴል?

እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

■ ቲ ሴል ምንድነው?

"ሲዲ ፎር" የሚለውን ቃል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ "ሲዲ ፎሩ ወርዷል"፣ "ሲዲ ፎሯ ተሻሽሏል" ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እሱ ራሱ ነው። ሲዲ ፎር የአንድ ዓይነት ቲ ሴል መጠሪያ ነው። ኤችአይቪ አደገኛ የሆነውም እነዚህን ሴሎች እየለየ ስለሚያጠፋ ነው።

ቲ ሴል ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ትውልዱ አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው፤ ከዚያ ከደረት አጥንታችን ጀርባ ወዳለች ቲመስ ወደምትባል እጢ ሄዶ ይሰለጥናል። "ቲ" የሚለው ፊደል የመጣውም ከዚችው እጢ ስም ነው። ቲመስ ውስጥ ፈተናው ከባድ ነው፤ የራሳችንን አካል የሚያጠቁትም፣ ምንም መለየት የማይችሉትም ይወገዳሉ። ከሚገቡት አልፈው የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው።

ለዛሬው ጉዳያችን ሁለት ዓይነቶችን ማወቅ ይበቃናል።

የመጀመሪያው ሲዲ ኤይት ነው። ሥራው በቫይረስ የተያዘን ሴል ለይቶ መግደል ነው።

ሁለተኛው ሲዲ ፎር ነው። እሱ አስተባባሪ ነው። ሲዲ ኤይትን ያበረታታል፣ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱትን ቢ ሴሎች ያግዛል።

ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ ከእነዚህ ሴሎች የተለዩ ናቸው። በደምና በአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ የሚዞሩ ፕሮቲኖች ናቸው። ቫይረሱን ከሴል ውጭ ካገኙት ይለጠፉበትና እንዳይገባ ያግዱታል። አንዴ ከገባ ግን ከዓይናቸው ይሰወራል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ ያለውን ሌባ የሚያገኘው ቲ ሴል ነው።

እንዴት ነው የሚያገኘው? እያንዳንዱ ሴላችን በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ትንንሽ ቁራጮችን እየቆረጠ ቆዳው ላይ ያወጣል፤ እንደ ናሙና በሉት። ቲ ሴል እየዞረ እነዚያን ናሙናዎች ይዳስሳል። የቫይረስ ቁራጭ ካገኘ ሴሉ መያዙን ያውቃል።

■ ቀን በቀን ምን ይሆናል?

ኮሮና መጀመሪያ የሚገባው በአፍንጫና በጉሮሮ ሴሎች ነው። የተያዘ ሴል በተለምዶ ወዲያው ጩኸት ያሰማል። የጩኸቱ ስም ኢንተርፌሮን ይባላል፤ ጎረቤት ሴሎችን "በራችሁን ዝጉ" የሚል መልዕክት ነው። የኮሮና ተንኮል እዚህ ላይ ይጀምራል። ይሄን ጩኸት የሚያፍኑ በርካታ ፕሮቲኖች አሉት። ጩኸቱ ሲታፈን ቫይረሱ ለጥቂት ቀናት በጸጥታ ይባዛል።

አንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ፓሪስና ኒውዮርክ ላይ በሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚመራ ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ከታመሙት ውስጥ 10 በመቶ የሚሆኑት የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያግዱ ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው እንደነበሩ አሳይቷል። ማለትም የማንቂያ ደወላቸው ቀድሞውኑ ተቆርጧል።

ማንቂያው በደንብ ሲሰማ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊቶቻችን ይሮጣሉ። ስንታመም አንገታችን ሥር የሚያብጡት እነሱ ናቸው። እዚያ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቲ ሴሎች ይመላለሳሉ። ይህን ቁራጭ የሚያውቀው ግን ከመቶ ሺዎች አንዱ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። እሱ ተፈልጎ ይገኛል፣ ይነቃል፣ ከዚያ መባዛት ይጀምራል። ሁለት አራት ይሆናል፣ አራት ስምንት እያለ ሠራዊት ይሆንና ወደ ሳንባና አፍንጫ ይዘምታል።

ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ቫይረሱን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ቫይረሱ ደግሞ ምልክት በሚጀምርበት ሰሞን ቁጥሩ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሩጫ ነው። ጥቂት ቀን መቅደም ወይም መዘግየት ውጤቱን ይለውጠዋል።

ሲንጋፖር ውስጥ 12 ታማሚዎችን ከሕመማቸው መጀመሪያ አንስቶ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ ነበር። ቲ ሴሎቻቸው ቀድመው የደረሱላቸው ሰዎች ቫይረሱን ቶሎ አጽድተዋል፤ ሕመማቸውም ቀላል ነበር። ቲ ሴሎቻቸው ከዘገዩባቸው መካከል ደግሞ ከባድ ሕመም የገጠማቸው አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በ12 ሰው ብቻ ዓለምን መደምደም አይቻልም። ግን ከሌሎች ጥናቶች ጋር የሚገጥም ውጤት ነው።

ካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ የሚገኘው የላ ሆያ የምርምር ተቋም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ጥናት ሌላ ነጥብ ጨመረ። በከባድ ሁኔታ ያልታመሙት ሰዎች ሦስቱም ክንፎች፣ ማለትም ሲዲ ፎር፣ ሲዲ ኤይትና ፀረ እንግዳ አካላት፣ ተናበው የሠሩላቸው ነበሩ። ፀረ እንግዳ አካል ብቻውን ከቀላል ሕመም ጋር አልተያያዘም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል። አንዱ ክንፍ ብቻውን ቢበረታ ሌሎቹ ከሌሉ አንበሳው አይታሰርም።

■ "ብዙ ከሆነ ጥሩ ነው" የሚለውስ?

አሁን ወደ ባትሪው ሃሳብ እንመለስ። ብዛት ዋናው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ በቀላሉ የታመሙት ሰዎች በጣም ብዙ ቲ ሴል ሊኖራቸው ይገባ ነበር። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያገገሙ 42 ሰዎችን ሲመረምሩ ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። ከባድ ሕመም አልፈው የዳኑት ሰዎች ቲ ሴል ምላሽ በቀላሉ ከታመሙት ይልቅ ሰፊና ብዙ ነበር።

እንዴት ሊሆን ይችላል? አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ይሄ ነው፦ እሳቱ ከተስፋፋ በኋላ የሚመጣው ሰው ብዙ ውሃ ያስፈልገዋል። ቀድሞ የደረሰው በአንድ ባልዲ ይጨርሳል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ሲዘገይ ደግሞ ችግሩ የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ሳንባ ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ሰውነታችን የሚለቃቸው የማንቂያ ኬሚካሎች መጠን ልክ ያጣል። እብጠትና ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። በከባድ የታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ደግሞ የቲ ሴል ቁጥር ሲያሽቆለቁል ይታያል፤ ሐኪሞች ከውሃን የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ጀምሮ ያስተዋሉት ነገር ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ታማሚውን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን የራሱ መከላከያ ጭምር ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ዴክሳሜታዞን ነው። ዴክሳሜታዞን የመከላከል አቅምን የሚያበርድ ርካሽ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 በእንግሊዝ "ሪከቨሪ" የተባለው ሰፊ ሙከራ ውጤት ሲወጣ፣ ይህ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት መካከል ደግሞ በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰ።

ግን ልብ በሉ! ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሰዎች ምንም ጥቅም አልታየም። እንዲያውም ቁጥሮቹ ወደ ጉዳት ያዘነበሉ ነበሩ።

አያችሁ? ያው መድኃኒት፣ ያው በሽታ፣ ቀኑ ሲለይ ውጤቱ ተለየ። መጀመሪያው ላይ ቲ ሴሎቻችን መፍጠን አለባቸው፤ በዚያ ሰዓት እነሱን ማብረድ ቫይረሱን ማገዝ ሊሆን ይችላል። ኋላ ላይ እሳቱ ራሱ ቤቱን ሲበላ ደግሞ ማብረዱ ሕይወት ያድናል።

■ ለምን አረጋውያን?

ኮሮና በአረጋውያን ላይ ለምን እንደሚከብድ ብዙ ምክንያት አለ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም። ከቲ ሴል አንጻር ግን አንድ ግልጽ ነገር አለ።

ቲመስ የምትባለው ያቺ ማሰልጠኛ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸች ትሄዳለች። በ20 ዓመታችን ብዙ አዳዲስ፣ ገና ምንም ቫይረስ ያላዩ ቲ ሴሎች አሉን። አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ከእነዚህ መካከል አንዱ ይገጥመዋል። በ70 ዓመት ግን አዳዲሶቹ ተመናምነዋል። የቀሩት በአብዛኛው ድሮ ያዩትን በሽታ የሚያስታውሱ ናቸው። ስለዚህ ለአዲስ ቫይረስ የሚገጥመውን ሴል ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም።

ቅድም የጠቀስነው የሳንዲዬጎ ጥናትም ይሄንኑ ነው ያየው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በሆኑት ላይ የሦስቱ ክንፎች መናበብ ይፈርሳል፤ የአዳዲስ ቲ ሴሎች ማነስም ከከባድ ሕመም ጋር ተያይዟል።

እዚህ ጋ ወጣቶችን አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ከ30 ዓመት በታች ነው። "እኔን ምንም አላደረገኝም፣ ጉንፋን ነው" የሚለው ንግግር ለብዙዎቻችን እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ለእኔ ጉንፋን የሆነው ቫይረስ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ለሚቀርቡት አያቴ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ቫይረሱ ያው ነው፤ የእሳቸው ቲ ሴሎች ግን የሚነሱት ዘግይተው ነው።

■ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲጠፋ መከላከያው ይጠፋል?

እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ላይ "ካገገሙ ሰዎች ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ በወራት ውስጥ ይወርዳል" የሚል ዜና ዓለምን አስደንግጦ ነበር። መውረዱ እውነት ነው። ዜናው የዘለለው ግን ቲ ሴሎችን ነው።

ለምን ተዘለሉ? ፀረ እንግዳ አካል ለመለካት ጥቂት ደምና ቀላል ምርመራ ይበቃል። ቲ ሴል ለመለካት ግን ሕይወት ያላቸው ሴሎች፣ የተደራጀ ላቦራቶሪና የሰለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ሚዲያው ያወራው በቀላሉ የሚለካውን ነው።

ሩጫው ሲያልቅ አብዛኞቹ ቲ ሴሎች ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን አስታዋሽ ሆነው ይቀራሉ። ምን ያህል ጊዜ? እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የኮሮና ዘመድ ሲንጋፖርን መትቶ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ ያኔ የዳኑ 23 ሰዎች ደም ሲመረመር፣ ያንን ቫይረስ የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች አሁንም ነበሯቸው። አስታዋሽ ሴል ያለው ሰው ሩጫውን ከዜሮ አይጀምርም።

ሌላው ጥቅማቸው ቫይረሱ መልኩን ሲቀያይር በቀላሉ አለመታለላቸው ነው። ኦሚክሮን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ከደቡባዊ አፍሪካ ሲታወቅ፣ ስፓይክ በተባለው ፕሮቲኑ ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። ብዙ ፀረ እንግዳ አካላት አላወቁትም፤ ለዚህ ነው የተከተቡም ያገገሙም ሰዎች እንደገና የተያዙት። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ቲ ሴሎችን ሲፈትሹ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ምላሽ እንዳለ አገኙት። ምክንያቱም ፀረ እንግዳ አካል የሚያየው የቫይረሱን የውጭ ቅርጽ ነው፤ ቲ ሴል የሚዳስሰው ግን ብዙ ትንንሽ ቁራጮችን ነው። ጥቂቱ ቢቀየር ብዙው ያው ነው።

"ቲ ሴል እውነት ያን ያህል ይጠቅማል?" ለሚል ሁለት ማሳያ እንጨምር። ጣሊያን ውስጥ በተፈጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት የማይችሉ ሁለት ታማሚዎች በኮሮና ተይዘው የሳንባ ምች ቢገጥማቸውም የመተንፈሻ መሣሪያ ሳያስፈልጋቸው አገግመዋል። በአሜሪካ ቦስተን ደግሞ ካገገሙ ጦጣዎች ላይ ተመራማሪዎች ሲዲ ኤይት ሴሎችን ሲያስወግዱ፣ ፀረ እንግዳ አካላቸው የወረደው ጦጣዎች ለዳግም ጥቃት የነበራቸው መከላከያ በከፊል ተዳከመ።

ተቃራኒውም ታይቷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤችአይቪዋ በመድኃኒት ያልተገታ አንዲት ታካሚ ኮሮና ከሰውነቷ ሳይወጣ ከ200 ቀናት በላይ ቆይቷል። ሲዲ ፎር ሲያልቅ አስተባባሪ የለም፣ ቫይረሱም ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ኮሮናንም መከላከል ነው።

ይህን ስንል ፀረ እንግዳ አካል አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። መጀመሪያውኑ እንዳንያዝ የሚረዳን እሱ ነው። ቲ ሴል በአብዛኛው መያዝን አያስቀርም፤ መያዙ ወደ ከባድ ሕመም እንዳይሄድ ያግዛል።

■ ታዲያ ለእኛ ምን ማለት ነው?

አንደኛ፦ ክትባት ማለት ለቲ ሴሎቻችን ከሩጫው በፊት ልምምድ መስጠት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ክትባቱ መሰጠት የጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ያኔ "ተከትቤም ያዘኝ፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?" ያላችሁ ብዙ ናችሁ። መልሱ ከላይ ያለው ነው። ክትባቱ የሳምንቱን መዘግየት ያሳጥራል። ይህ ከማንም በላይ የሚጠቅመው አዳዲስ ቲ ሴል ላነሳቸው አረጋውያን ነው። ቤታችሁ ያልተከተቡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁላቸው።

ሁለተኛ፦ ዴክሳሜታዞንም ሆነ ሌላ ስቴሮይድ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ። "ኮሮናን የሚያድን መድኃኒት" ተብሎ የተወራው ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ታማሚ በሐኪም ሲታዘዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መውሰድ ልንጠብቀው የሚገባንን ሠራዊት ማሰር ነው። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ የደም ስኳሩን ከፍ ያደርግበታል።

ሦስተኛ፦ ሁለተኛውን ሳምንት በጥንቃቄ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በሽታው የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ነው። "ትኩሳቱ ከጀመረ ስድስት ሰባት ቀን ሆነው፣ አሁን ትንፋሽ አጠረኝ" የሚል ሰው ካለ ነገ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያ ሰዓት መከላከያው ራሱ ሳንባን መጉዳት የሚጀምርበት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ዝንጅብሉን ጠጡ፣ እኛም እንጠጣለን፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል። ግን ከቲ ሴል አንጻር "ከፍ የሚደረግ" ባትሪ የለም። የሚያስፈልገን በሰዓቱ የሚነሳ፣ የሚናበብ፣ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ የሚበርድ መከላከያ ነው። ያንን በጣሳ የታሸገ ዱቄት አይሰጠንም። በቂ ምግብና እንቅልፍ፣ የስኳርና የኤችአይቪ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ፣ እንዲሁም ክትባት ግን ያግዛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ያነሳው እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2023 ነው። የተነሳው አዋጁ ነው፣ ቫይረሱ አይደለም። ዛሬም መሃላችን አለ። ያኔና አሁን ያለው ትልቁ ልዩነት፣ አሁን ብዙዎቻችን በክትባት ወይም በመያዝ ያገኘናቸው አስታዋሽ ቲ ሴሎች ያሉን መሆኑ ነው። ያላገኙት፣ ወይም ያገኙትም በዕድሜና በሌላ ሕመም የደከሙባቸው፣ ከእኛው ጋር አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ጉንፋን መሰል ነገር ሲይዛችሁ ለጥቂት ቀን ከእነሱ ራቅ በሉ፣ ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

"ኢሚዩኒቲ ማሳደጊያ" እየተባለ በአካባቢያችሁ የሚሸጥ ነገር አለ? በኮሜንት ጻፉልን፣ አጣርተን እንመለስበታለን። ለቤተሰብ ግሩፓችሁም ሼር አድርጉት።